ግራፊክ ዲዛይን ለመማር ከሶፍትዌር አትጀምሩ

"ዲዛይን መማር ፈልጌ ነበር፣ ፎቶሾፕ ይሻላል ኢሉስትሬተር?" ያልተባለ ዲዛይነር ያለ አይመስለኝም። መልሱ ጠያቂውን ብዙም አያስደስተውም እንጂ ጥያቄው ገና ነው፣ ሰዓቱ አልደረሰም። ሶፍትዌር የፈለጋችሁትን ነገር የፈለጋችሁበት ቦታ ቶሎ ያስቀምጥላችኋል፣ ምን እንደምትፈልጉ ግን አይነግራችሁም። ካንቫ በሚባለው የኢንተርኔት ዲዛይን መሳሪያ ላይ በነጻው አካውንት ጥርት ያለ ስራ የሚሰራ ሰው አለ፣ የአዶቢን (የፎቶሾፕና የኢሉስትሬተር ሰሪውን) ፕሮግራም በሙሉ ጭኖ ደግሞ ማንም ቆሞ የማያነበው ፖስተር የሚያወጣም አለ። እና እዚህ ላይ ከፕሮግራሙ በፊት የሚመጣውን ነገር በቀላሉ ላስረዳ። አብዛኛው ስለ ጽሁፍ ነው፣ ምክንያቱም አብዛኛው ዲዛይን ጽሁፍ ነው። ካላመናችሁ ከአንድ ፖስተር ላይ ፎቶውን አጥፉትና ጽሁፉን ተዉት፣ ነገሩ ምን እንደሆነ አሁንም ይገባል። ጽሁፉን አጥፍታችሁ ፎቶውን ብቻ ብትተዉት ግን ምን እንደሚል ማንም አያውቅም።

መጀመሪያ ሃይራርኪ የሚሉት ነገር አለ። የሚያየው ሰው ዓይን መጀመሪያ የት ይረፍ፣ ከዛ ወዴት ይሂድ፣ የቱን ቢያልፈው ችግር የለውም፣ ይሄን መወሰን ማለት ነው፣ በቃ ይሄው ነው። ቀላል ይመስላል ግን ስንት ነገር ያበላሻል። እ.ኤ.አ. በ2017 የኦስካር ሽልማት ላይ የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብሎ ላ ላ ላንድ ተጠርቶ፣ ሰዎቹ መድረክ ላይ ወጥተው ምስጋና እያቀረቡ እያለ ይቅርታ አሸናፊው ሙንላይት ነው የተባለበትን ታስታውሱ ይሆናል። ዋናው ስህተት የተሳሳተ ፖስታ መሰጠቱ ነው፣ እሱ ላይ ክርክር የለም። ግን አቅራቢው ፖስታውን ከፍቶ ካርዱን ሲያይ ግራ ገብቶታል፣ ያነበበችው ደግሞ አብራው የነበረችው ናት። ካርዱ ላይ ምን ነበር? ከላይ የሽልማቱ ሎጎ፣ መሃል ላይ ጎላ ብሎ የኤማ ስቶን ስምና የፊልሟ ርዕስ ላ ላ ላንድ፣ ከታች ጥግ ላይ ደግሞ በደቃቃ ጽሁፍ "ምርጥ ሴት ተዋናይት"። የያዙት ካርድ የሌላ ዘርፍ እንደሆነ ሊነግራቸው የሚችለው ብቸኛው መስመር በሙሉ ካርዱ ላይ ትንሹ መስመር ነበር። ሎጎው ምን አደረገ እዛ? የት እንዳሉ ያውቃሉ እኮ! የዘርፉ ስም ከላይ፣ ጎላ ብሎ ቢቀመጥ ኖሮ የተሳሳተው ፖስታ እንኳን ቢመጣ ሰውየው አይቶ "ይሄ የኛ አይደለም" ማለት ይችል ነበር።

ሃይራርኪ የሚፈጠረው በመጠን፣ በፊደል ውፍረት፣ በቀለም፣ በቦታና ዙሪያው ላይ በሚተወው ባዶ ቦታ ነው። ጀማሪ ያገኘውን ሁሉ አንድ ላይ ይጠቀምና ርዕሱን ትልቅ፣ ቦልድ፣ ቀይ፣ ከስሩ የተሰመረበት፣ ጥላ ያለው ያደርገዋል። አንዱ ወይም ሁለቱ ይበቃል። ሌላው የጀማሪ ምልክት ደግሞ ልዩነቱን መፍራት ነው፣ ርዕሱ 16 ሆኖ ጽሁፉ 14 ከሆነ የሚያየው ሰው ስህተት ነው ብሎ ነው የሚያስበው። የሚለያዩ ነገሮች በደንብ ይለያዩ፣ 14 ከሆነ ርዕሱን 28 አድርጉትና እዩት። አንድ አሪፍ መፈተኛ አለ፣ ከስክሪኑ ራቅ በሉና ዓይናችሁን ግማሽ ጨፈን አድርጋችሁ ስራችሁን እዩት። ፊደሎቹ አይነበቡም፣ ግን ጥቁርና ነጭ ቅርጾች ይታያሉ። በዛ ሰዓት ጎልቶ የሚታየው ነገር ከሁሉ በላይ እንዲነበብ የፈለጋችሁት ነገር ካልሆነ ዲዛይኑ አልሰራም ማለት ነው።

ቀጥሎ መቀራረብ ነው። ሰው አጠገብ ላጠገብ ያሉ ነገሮችን የአንድ ቤተሰብ አድርጎ ነው የሚያየው፣ ይሄን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ጀርመን ውስጥ ጌሽታልት የሚባሉት የሳይኮሎጂ ሰዎች በደንብ አጥንተውታል። እና የዝግጅት ፖስተር ላይ ስልክ ቁጥሩ ከአድራሻው ይልቅ ለቀኑ የሚቀርብ ከሆነ አንባቢው ስልኩን የቦታው ሳይሆን የዝግጅቱ ነው ብሎ ይወስደዋል፣ ምንም ብትጽፉ። የዚህ ትልቁ ማሳያ የፓልም ቢች የምርጫ ወረቀት ነው። እ.ኤ.አ. 2000 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ምርጫ፣ ፍሎሪዳ ግዛት፣ ፓልም ቢች ካውንቲ (እንደ ወረዳ ያለ) ውስጥ። የካውንቲው ኃላፊዎች ብዙ አዛውንት መራጭ ስላላቸው ፊደሉን ተለቅ እናድርግላቸው አሉ፣ ሀሳቡ ጥሩ ነው። ግን ፊደሉ ሲያድግ ስሞቹ አንድ ገጽ ላይ አልበቁም፣ ስለዚህ በግራና በቀኝ ሁለት ገጽ ላይ ተከፈሉ፣ መራጩ ለመምረጥ የሚበሳው ቀዳዳ ደግሞ መሃል ላይ አንድ ረድፍ ሆነ። ግራ ገጽ ላይ ከሁለቱ ዋና ተፎካካሪዎች ቡሽ አንደኛ፣ ጎር ሁለተኛ ነው። ቀዳዳው ላይ ግን ሁለተኛው ቀዳዳ የጎር አይደለም፣ ቀኝ ገጽ ላይ ያለው የትንሽ ፓርቲ ተወዳዳሪው የቡካነን ነው፣ የጎር ሶስተኛው ነው። ወደ ቀዳዳዎቹ የሚጠቁሙ ቀስቶች ነበሩ፣ ቢሆንም የሰው ዓይን ከግራ ሁለተኛውን ስም አይቶ እጁ ሁለተኛው ቀዳዳ ላይ ሄደ። ቡካነን በዛ ካውንቲ 3,407 ድምጽ አገኘ፣ በፍሎሪዳ ካሉት ካውንቲዎች ሁሉ ትልቁ። ከ19,000 በላይ ወረቀት ደግሞ ሁለት ቦታ ስለተበሳ ውድቅ ሆነ። ቡሽ ግዛቱን ያሸነፈው በ537 ድምጽ ነው። ፊደል ማሳደግ ብቻውን ተነባቢነት አይደለም፣ አንዱን ስትነኩ ሌላው ይንቀሳቀሳል፣ ሁሌም ነው እንደዛ።

አላይመንት፣ ማለትም ነገሮችን በአንድ መስመር ማሰለፍ፣ ላይ ብዙ አልቆይም። ጀማሪ ሁሉንም ነገር መሃል ላይ ያደርጋል፣ ሚዛናዊ ስለሚመስለው። መሃል የተደረገ ጽሁፍ ግን እያንዳንዱ መስመር የሚጀምርበት ቦታ ስለሚለያይ ዓይን በየመስመሩ መጀመሪያውን መፈለግ አለበት፣ ለሁለት ሶስት መስመር ርዕስ ይሁን፣ ለአንቀጽ ግን አይሆንም። ሁሉንም ከግራ አንድ መስመር ላይ አስጀምሩትና ለውጡን እዩት። ግሪድ የሚባለውም ከዚህ የተለየ አስማት አይደለም፣ ገጹን አስቀድሞ በማይታዩ መስመሮች ከፋፍሎ እቃዎቹን እነሱ ላይ ማሳረፍ ነው። የብራና ጸሐፊዎቻችን መጻፍ ከመጀመራቸው በፊት ጠርዙን እየወጉ ያለ ቀለም መስመር ያሰምሩና ገጹን በአምድ ይከፍሉ ነበር፣ ያው ግሪድ ነው። ባዶ ቦታ ደግሞ የባከነ ቦታ አይደለም፣ ደንበኛ ሁሌ "እዚህ ጋ ባዶ ነው አንድ ነገር ጨምርበት" ይላችኋል፣ ታገሉ።

ሶፍትዌሩ "መሃል ነው" ስላላችሁ ደግሞ መሃል ነው ማለት አይደለም። የቪዲዮ ማጫወቻዋን ምልክት ውሰዱ፣ ክብ ውስጥ ያለች ሶስት ማዕዘን። ሶስት ማዕዘኗን በሴንተር ቁልፍ መሃል ብታደርጓት ወደ ግራ የተገፋች ትመስላለች፣ ምክንያቱም ክብደቷ ያለው ግራ ላይ ነው፣ ቀኟ ሹል ነው። ትንሽ ወደ ቀኝ ስትገፏት ነው መሃል የምትሆነው። ፎንት የሚሰሩ ሰዎች ክብ ፊደሎችን ከቀጥታዎቹ በጥቂቱ ከፍና ዝቅ አድርገው የሚስሏቸውም ለዚሁ ነው፣ እኩል ቢሆኑ ክቡ አንሶ ይታያል። መለኪያው ዓይን ነው፣ ቁጥሩ ያግዛል እንጂ አይፈርድም።

አሁን ወደ ታይፖግራፊ፣ ወደ ፊደል አቀማመጥ። ሰው ታይፖግራፊ ሲባል ፎንት መምረጥ ይመስለዋል፣ ፎንት መምረጥ ግን ትንሹ ክፍል ነው፣ ትልቁ ክፍል የተመረጠውን ፎንት ማስቀመጥ ነው። በላቲን ፊደል (እንግሊዝኛ የሚጻፍበት) ሁለት ትልልቅ ጎራ አለ፣ ጫፋቸው ላይ ትንንሽ እግር ያላቸው ሰሪፍ እና እግር የሌላቸው ሳንስ ሰሪፍ። ታይምስ ኒው ሮማን ሰሪፍ ነው፣ እ.ኤ.አ. 1932 ለለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ የተሰራ፣ ጠበብ ያለና ብዙ ቃል በትንሽ ቦታ የሚያስገባ፣ ጋዜጣ የሚፈልገውም ይሄንኑ ነው። ሄልቬቲካ ሳንስ ሰሪፍ ነው፣ 1957 ስዊዘርላንድ ውስጥ የወጣ። ሁሉም የሚስቅበት ኮሚክ ሳንስ እንኳን እ.ኤ.አ. በ1994 የተሳለው በአንድ የማይክሮሶፍት ፕሮግራም ውስጥ ውሻ ለሚናገርበት አረፋ ነው፣ ለውሻ አረፋ ደግሞ አሪፍ ነበር፣ ችግሩ የሐዘን መግለጫ ላይ ሲመጣ ነው። ስለዚህ ፎንት ቆንጆ ነው አይደለም ከማለት በፊት ለምን ተሰራ የሚለውን ጠይቁ። ስንት ፎንት ልጠቀም ለሚል ደግሞ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት። ሁለት ከሆነም በደንብ የሚለያዩ ይሁኑ።

የፎንት መጠን በፖይንት ነው፣ አንድ ፖይንት የኢንች 1/72 ነው። አንድ ነገር ግን ብዙ ሰው ያሳስተዋል፣ ቁጥሩ የፊደሉን ቁመት አይለካም። ድሮ ፊደል የተቀረጸበት የብረት ቁራጭ ነበር፣ ቁጥሩ የሱ ቁመት ነው፣ ዛሬም ያው ልማድ ስለቀጠለ ሁለት ፎንት ሁለቱም 12 ሆነው አንዱ ከሌላው በግልጽ አንሶ ሊታይ ይችላል። ቁጥሩን ትታችሁ የሚታየውን እዩ።

የመስመር ርቀት፣ ላይን ስፔሲንግ ወይም ሌዲንግ፣ እኔ ከፎንት ምርጫ በላይ ነው የማየው። ለረጅም ጽሁፍ በላቲን የተለመደው የፊደሉ መጠን ከ120 እስከ 145 በመቶ ነው፣ ማለትም ፊደሉ 10 ከሆነ መስመሩ ከ12 እስከ 14.5። ለርዕስ ግን ይጠብ፣ ትልቅ ፊደል ላይ ያው ርቀት ሲሆን ርዕሱ ተበታትኖ የተለያየ ነገር ይመስላል። ከሱ ጋር የሚሄደው የመስመር ርዝመት ነው፣ በላቲን ከ45 እስከ 75 ፊደል ይባላል፣ ከዛ ከረዘመ ዓይን ተመልሶ ቀጣዩን መስመር ሲፈልግ ይስታል፣ አንዱን መስመር ሁለቴ ታነባላችሁ። መስመሩ ሲረዝም ርቀቱም ይጨምር፣ ሁለቱ ተያይዘው ነው የሚሄዱት።

ኬርኒንግ በሁለት ፊደል መሃል ያለ ክፍተት ነው፣ ትራኪንግ ደግሞ የሙሉ ቃሉ ወይም የሙሉ መስመሩ ክፍተት። በትንሽ ጽሁፍ ፎንቱ ራሱ ይጨርሰዋል፣ አትንኩት። ሎጎና ትልቅ ርዕስ ላይ ግን በእጅ ነው። በኛ ፊደል "ገ"ን እዩአት፣ ቀኝ እግር የላትም፣ ስለዚህ ከሷ ቀጥሎ ያለው ፊደል ከስር የራቀ ይመስላል፣ ትንሽ ጠጋ ማድረግ ነው።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው፣ ቱቶሪያሉ ሁሉ ስለ ላቲን ስለሆነ ያንኑ ህግ ይዞ ወደ አማርኛ ይመጣል። ያንን 45 እስከ 75 የሚለውን እንኳን ብታዩ፣ "ሰላም" በኛ ሶስት ፊደል ነው፣ በላቲን ሲጻፍ አምስት። ቁጥሩ በቀጥታ አይሰራም፣ ቀነስ ማድረግ ነው። ሁለተኛ፣ እኛ ካፒታል ሌተር የለንም፣ "ርዕሱን ሁሉንም ካፒታል አድርገው" የሚለው ምክር ለኛ ባዶ ነው፣ ያንን ስራ በመጠን፣ በውፍረት ወይም በቀለም ነው የምንሰራው። የድሮ ብራና ላይ የቅዱሳን ስምና የክፍል መጀመሪያ በቀይ ቀለም ይጻፍ የነበረው ይሄንኑ ስራ ይሰራ ነበር። ኢታሊክም (ጋደም ያለው ፊደል) እንደዛው፣ የላቲን ኢታሊክ ለብቻው የተሳለ ፊደል ነው፣ አማርኛ ጽሁፍ ላይ የኢታሊክ ቁልፍ ስትጫኑ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሶፍትዌሩ ፊደሉን ዝም ብሎ ያጋድመዋል፣ ሲወድቅ የተያዘ ነው የሚመስለው።

ቦልድም ላይ ተጠንቀቁ። ኒያላና አቢሲኒካ የሚባሉት የአማርኛ ፎንቶች አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያላቸው፣ ቦልድ ስትሉት ኮምፒውተሩ ከራሱ ፊደሉን ያወፍረዋል። ይሄ ለፊደላችን መጥፎ ነው ምክንያቱም ሰ፣ ሱ፣ ሲ፣ ሴ የሚለያዩት በአንዲት ትንሽ ጭረት ወይም ቀለበት ነው፣ ፊደሉ በጭፍን ሲወፍር የሴ ቀለበት ተደፍኖ ሲ ይመስላል። እውነተኛ ቦልድ ከፈለጋችሁ ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም ድረስ የተሳለ ፎንት ያዙ፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ እና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ እንደዛ ናቸው፣ ነጻም ናቸው። በዚሁ በትንንሽ ጭረቶቹ ምክንያት አማርኛን በጣም አታሳንሱት፣ ከጎኑ ያለው እንግሊዝኛ በ9 ቢነበብ አማርኛው 10 ወይም 11 ይፈልግ ይሆናል፣ መስመሩም ትንሽ ላላ ይበል።

ሌላው ጀስቲፋይ ነው፣ ግራና ቀኙን እኩል ማድረግ። አማርኛ ቃል ረጅም ነው፣ "ስላልተነገራቸው" አንድ ቃል ነው እኮ። ጠባብ አምድ ላይ ጀስቲፋይ ስታደርጉት ረጅሙ ቃል ወደ ታች ይወርድና የቀሩት ሁለት ቃሎች ተለጥጠው መሃላቸው መኪና ያሳልፋል። ጠባብ ከሆነ ከግራ አስጀምራችሁ ቀኙን ተዉት። ድሮ ይሄ ችግር አልነበረም፣ ቃልን ከቃል የሚለየው ሁለት ነጥብ ስለነበር ጸሐፊው መስመሩ ሲሞላ ቃሉን መሃል ላይ ቆርጦ ቀጣዩ መስመር ላይ ይቀጥለው ነበር፣ ማንም ግራ አይገባውም።

ፎንት ቀይሬ አማርኛው አልቀየር አለኝ ለምትሉ፣ ምክንያቱ የመረጣችሁት ፎንት ውስጥ የግዕዝ ፊደል ስለሌለ ነው። ፕሮግራሙ ዝም ብሎ ሌላ ፎንት ይተካበታል ወይም ባዶ ሳጥን ያሳያችኋል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተሮች የየቋንቋውን ፊደል የሚለዩበት የጋራ ሰንጠረዥ ውስጥ) የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፣ ከዛ በፊት የተሰሩት ፎንቶች አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ቦታ ላይ ነበር የሚደብቁት። ለዛ ነው የድሮ ፋይል ያለ ፎንቱ ሲከፈት የተመሰቃቀለ ምልክት የሚሆነው። አዲስ ስራ በዩኒኮድ ፎንት ብቻ ጀምሩ።

ቀለም ራሱን የቻለ ዓለም ነው፣ ለጀማሪ ግን ሁለት ነገር ይበቃል። አንዱ ኮንትራስት ነው፣ የጽሁፉና የጀርባው የብርሃን ልዩነት፣ የድረ ገጽ ተደራሽነት መስፈርት ለተራ ጽሁፍ ቢያንስ 4.5 ለ1፣ ለትልቅ ጽሁፍ 3 ለ1 ይላል፣ በነጻ የሚለኩላችሁ መሳሪያዎች ኢንተርኔት ላይ ሞልተዋል። ነጭ ላይ ፈዘዝ ያለ ግራጫ ቄንጠኛ ይመስላል፣ ፀሐይ ላይ ስልክ ይዞ ለሚያነብ ሰው ግን የለም። ሁለተኛ፣ ስክሪን በብርሃን ነው ቀለም የሚሰራው፣ ህትመት ደግሞ ወረቀት ላይ በሚያርፍ የማተሚያ ቀለም (ኢንክ)፣ የመጀመሪያው ዘዴ አርጂቢ (RGB) ሁለተኛው ሲኤምዋይኬ (CMYK) ይባላል። ስክሪኑ ላይ የሚያበራው ሰማያዊና አረንጓዴ ወረቀት ላይ ደብዘዝ ብሎ ቢወጣ ማተሚያ ቤቱን አትጣሉ። ፎቶ ለህትመት በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ይሁን ይባላል፣ ስለዚህ 1200 ፒክስል ስፋት ያለው ፎቶ በጥራት የሚወጣው እስከ 4 ኢንች፣ ወደ 10 ሴንቲሜትር ድረስ ነው። ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ የተላከ ነገር ይጨመቃል፣ እንደ ፋይል አስልኩ። ሎጎ ደግሞ ሁሌ በቬክተር (በፒክስል ሳይሆን በመስመርና በቅርጽ ስሌት በሚሳል ስዕል) ይሰራ፣ ባነር ላይም ሲለጠጥ አይሰነጠቅም።

ለልምምድ፣ ከአንድ ዝግጅት ማስታወቂያ ጽሁፉን ብቻ ውሰዱና በአንድ ፎንት፣ በሁለት መጠን፣ በጥቁር ብቻ፣ ያለ ምንም ፎቶ ስሩት። ከዛ ያንኑ ጽሁፍ በሌላ አቀማመጥ እንደገና፣ ከዛ እንደገና። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን ፎቶና ግራዲየንት ስለሌለ ክፍተትና መጠን ላይ ከማሰብ ውጪ መሸሻ የለም። ጎን ለጎን የምትወዱትን መጽሔት ገጽ በማስመሪያ ለኩ፣ ጠርዙ ስንት ሚሊሜትር ነው፣ ርዕሱ የጽሁፉን ስንት እጥፍ ነው፣ ከርዕሱ እስከ መጀመሪያው አንቀጽ ስንት አለ፣ ያንኑ ልክ ስክሪን ላይ ድገሙት። የሰራችሁትን ደግሞ ዲዛይን ለማያውቅ ሰው ለሶስት ሰከንድ አሳዩትና ደብቁት። "ቆንጆ ነው?" ብላችሁ አትጠይቁ፣ ሰው ላለማስቀየም ቆንጆ ነው ነው የሚላችሁ። "ምንድነው፣ መቼ ነው፣ የት ነው?" በሉት፣ ከሶስቱ ያልመለሰው ካለ ገጹ ላይ መጀመሪያ የምትነኩት እሱን ነው።